ልጇ መጥቷል ያልኩበት መስቀል

ዛሬ ጠዋት በርበሬ ስቀነጥስ ነበር። ከእንሴኖ ገበያ የመጣ ዛላ ነው፤ በደንብ ደርቋል፣ እጅ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ልጄ ደጃፉ ላይ ሰሌን ዘርግታ አፈሰሰችልኝና «እማዬ፣ መስቀል ሳይደርስ ጨርሺልኝ» ብላ ወደ ሱቋ ሄደች። ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷል፣ እጄ ግን አሁንም ይሠራል። ጭራ ጭራውን እየነቀልኩ፣ ነጭ የመታውን ወደ ጎን እየጣልኩ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። የበርበሬ ሽታ መቼም ብቻውን አይመጣብኝም። አብሮ አደጌን አስካለን ይዟት ነው የሚመጣው።

እዚያው እንዳለሁ ሁለት ሴቶች ልጆች ወረቀት ይዘው መጡ። «እማማ፣ እንደምን አደሩ? ከአረጋውያን መረዳጃው ነን፤ የሰፈሩን አሮጊትና ሽማግሌ እንመዘግባለን» አለች ረዘም ያለችው። «አሮጊት ፍለጋ ከሆነ ደርሳችኋል። ቁጭ በሉ፣ ከበርበሬው ግን ራቅ በሉ፣ ዓይናችሁን ያቃጥላችኋል» አልኳቸው። ሳቁ። ስሜን ጠየቁኝ፣ ብርዛፍ አልኩ። ዕድሜዬን ጠየቁኝ። እኔስ መች አውቄው፤ ሰባ አምስት በሉት፣ ሰማንያ ብትሉትም አልጣላችሁም አልኩ። ከዚያ «የሚጦርዎት ሰው አለ?» አለችኝ። «ልጄ አለች፣ የልጅ ልጄም አለች» ስላት፣ «እንግዲያው የሚጦር አለ» ብላ ጻፈችና ወደ ታች አለፈች። እጄ በርበሬው ላይ ቀረ። አስካለንም እንዲሁ ነበር የጻፏት። ልጅ አላት፣ አዲስ አበባ ነጋዴ ነው፣ የሚጦር አለ።

ሊነሱ ሲሉ «ከሰዓት በኋላ እድር አዳራሹ ስብሰባ አለ። ጋሽ መኮንን ለደካሞች የሚወሰደውን የምግብ ተራ እንደ ድሮው እማማ ብርዛፍ ይያዙልን ብለዋል» አሉኝ። ጋሽ መኮንን የእድራችን ሊቀመንበር ነው፤ ከሰሜን በአስተማሪነት መጥቶ እዚሁ ቡታጅራ ጡረታ የወጣ፣ አሁን ከእኛ በላይ የእኛ የሆነ ሰው ነው። «እመጣለሁ» አልኩ። ከሄዱ በኋላ ግን በርበሬውን ትቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ያኔም ተራውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ለአስካለ የተላከውን ምግብ ከመንገድ የመለስኩትም እኔ ነኝ። ይሄን ከእኔና ከጎረቤቴ ከከድጃ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዓመት ሙሉ አፌን ዘጋሁ፣ ከድጃም ዘጋች። አንቺም የልጅ ልጄ ገና ዛሬ ነው የምትሰሚው። እንዳልኩሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

እኔና አስካለ መስቃን ውስጥ ነው አንድ ላይ ያደግነው፣ ከዚህ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በርበሬ በጀርባችን ተሸክመን ገበያ እንወጣ ነበር። ያኔ አንድ ቁና በርበሬ ስንት ይሸጥ እንደነበር ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ፤ ብር ከስሙኒ። በብር ከስሙኒው ጨው ተገዝቶ፣ ላምባ ተገዝቶ፣ ለራሳችን የመርፌና የክር ይተርፈን ነበር። ቡታጅራም እንዲህ አልነበረችም። አስፋልት የለ፣ ባጃጅ የለ። ኤንትሬ የምንለው የጭነት መኪና ከአዲስ አበባ ሲመጣ አቧራው ቀድሞት ነው የሚደርሰው፤ ገበያተኛው ነጠላውን አፉ ላይ ያደርግና መኪናው እስኪያልፍ ዋጋ መከራከሩን ያቆማል። ዛሬ ባንኩ የቆመበት ጥግ ላይ የአንድ ዐረብ ሱቅ ነበረ። በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊ ተቀምጦ የስፌት መኪናውን ሲያንኳኳ ይውላል። ዐረቡ በሩ ላይ ኮንጎ ጫማ አንጠልጥሎ ነበር፣ ሰማያዊ። አስካለ ስታየው እግሯ አልሄድ አላት። ብራችን ለየራሳችን አይበቃም፤ ስለዚህ ምን አደረግን መሰለሽ፣ አንዱን ጫማ ለሁለት ገዛነው። መንገድ ላይ ካለው ወንዝ እስከ ዐረቡ ሱቅ እሷ ታደርገዋለች፣ ስንመለስ ከሱቁ እስከ ወንዙ እኔ። የእኔ እግር ትልቅ ነው፣ ያው አሁንም እንደምታዪው። «አንቺ እኮ ጫማውን ጀልባ አደረግሽው፣ እግሬ ውስጡ ይዋኛል» ትለኝና መንገድ ላይ በሳቅ ትቀመጣለች። ስትስቅ ሸክሟን ሁሉ ነው የምትጥለው። እናቴ «ይቺ ልጅ ሳቋ ባል ያስፈታታል» ትል ነበር። አላስፈታትም፤ እንሴኖ ተዳረች፣ ባሏ እስኪሞት ድረስ አብራው ኖረች።

ደግሞ እንሰት ስንፍቅ። አሁን ከተማው ውስጥ ቆጮ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ ከየት እንደመጣም የሚያውቅ የለም። እኛ ተሰብስበን ነበር የምንፍቀው፤ ዛሬ እኔ ቤት፣ ነገ አስካለ ቤት፣ ከነገ ወዲያ የሌላዋ። ጭማቂው ክንዳችን ላይ እየፈሰሰ፣ እግራችንን መፋቂያው ሳንቃ ላይ አድርገን እንዘፍን ነበር። በጉራግኛ ነው፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው አይጥመኝም፤ መንገዴን ጠረግኩ፣ የሸኘሁት ሊመጣ ነው እንደማለት ነው። ከመሃላችን አርጅታ አቅም ያነሳት ካለች የእሷ እንሰት ይቀድማል። እሷ ቁጭ ብላ ወሬ ታወራልናለች፣ ትሰድበናለች፣ «ይሄ ነው መፋቅ? እኔ በእናንተ ዕድሜ» ትለናለች፤ አንቺስ የማንን ፋቅሽ የሚላት የለም። ወረቀት የለም፣ ሊቀመንበር የለም፣ የሚጦር አለ ወይስ የለም ብሎ የሚጽፍ የለም። እርጅና የሁላችን ሥራ ነበር። ወይ ደግሞ ልጅ ስለነበርኩ እንዲያ መስሎኝ ይሆናል። እንጃ። በተዘጋ ጎጆ የሞተች አሮጊት ያኔም ሳትኖር አልቀረችም፤ እኛ ስንዘፍን አልሰማናት ይሆናል።

አስካለ ስድስት ወልዳ የቀረላት አንድ ሳህሌ ነው። ባሏ ሲሞት እንሴኖ ያለውን ሽጣ እዚህ፣ እኔ ደጅ አጠገብ፣ ሁለት ክፍል ቤት ሠራች። «አርጅተን ደግሞ ተራ የምንጫማው አናጣም» አለችኝ። ሳህሌ አዲስ አበባ ሄዶ መርካቶ ውስጥ ነገደ፣ ሚስት አገባ። በየመስቀሉ ይመጣል። ሲመጣ መጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ እኔን ነው የሚስመው፤ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ።

ከጥቂት ዓመት በፊት እግሯ አበጠና ከቤት መውጣት አቃታት። እድሩ ተሰበሰበ። ቀብር ብቻ ነው እንዴ የምንረዳዳው፣ በሕይወት እያለችስ አሉ። በዙሪያዋ ሰባት ቤት ነን። ጋሽ መኮንን «ሰባት ቤት፣ ሰባት ቀን፤ እግዜር ራሱ የቆረጠው ተራ ነው» አለ። ተራውን እንድይዝ እኔን አደረጉኝ። ማንበብ ባልችልም በልቤ እይዘዋለሁ፤ ሰኞ እኔ፣ ማክሰኞ ከድጃ፣ እያለ ይሄዳል። የቀረ ሰው ካለ በዱላዬ ደጁን አንኳኳለሁ። አስካለ ሳህን ባዶ አትመልስም፤ ከጓሮዋ ጤና አዳም ቆርጣ፣ ሌላ ስታጣ አንድ ሎሚ ጣል አድርጋበት ነው የምትመልሰው። «የተበደርኩትን ነው የምመልሰው» እያለች ትቀልዳለች። እኔ ግን አውቃታለሁ። በር ሲንኳኳ ፀጉሯን ትሸፍንና ቀና ትላለች። የምትቀበል ሳይሆን የምትጋብዝ ሴት መምሰል ነበር የምትፈልገው።

ያለፈው መስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ሳህን ይዤ ገባሁ። «ብርዛፌ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳታመጡ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሳህሌ ይመጣላ! መስቀል አይደለም እንዴ? የሰው ሳህን ቤቴ ሲገባ ቢያይ ልጄ አንገቱን ነው የሚደፋው።»

«ደወለልሽ?»

«ደውሏል።»

እውነቷን ነው፣ ደውሎላት ነበር። ምን እንዳላት ግን አልጠየቅኳትም። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር። እኛ አገር የመስቀል ዕለት ልጅሽ ይመጣል ወይ ተብሎ ይጠየቃል? ፀሐይ ትወጣለች ወይ እንደማለት ነው። ከብትም ከዱር ወደ ቤቱ በሚመለስበት ቀን! ዱላዬን ይዤ በስድስቱም ቤት ዞርኩ። «ሳምንቱን ተራው ቆሟል፣ ሳህሌ ይመጣል፣ ልጁን እንዳታሳፍሩት» አልኩ። ሁሉም ደስ አላቸው።

በበዓሉ ሳምንት ዋዜማ ነጭ መኪና ቅያሳችን ውስጥ ገብታ ቆመች። ደጃፌ ላይ ሆኜ አየሁ። አንድ ወፍራም ሰው ካርቶን ተሸክሞ ወረደ፣ ጀርባውን ነው ያየሁት። «ሳህሌ እንዴት ወፍሯል፣ ነግዶ ተሳካለት» አልኩ ለልጄ። በአስካለ በርና በማዶው በር መሃል የቆመች መኪና ናት፤ ዓይኔ ወዳሰበው ወሰዳት። የማዶዎቹ የእነ ደስታ እንግዳ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅኩት። በማግስቱ ሳህሌ መጥቶ ይስመኛል ብዬ ነጠላዬን ለብሼ ጠበቅኩት። ቀረ። ከእርዱ በፊት ያለው የጎመን ክትፎው ቀንም አለፈ፣ ቀረ። ተቀየምኩ። አየሽ ልጄ፣ ይሄንንም ጻፊው። ገንዘብ ሲያገኝ አሮጊቷን ረሳኝ አልኩ። የእኔም ቤት በልጆች ሞልቷል፣ አንቺም ነበርሽ፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ሥጋው ይከተፋል። ከፈለገ እሱ ይምጣ፣ እኔ አሮጊቷ ነኝ የምሄድለት? አልኩ። ከእኔ ደጅ እስከ አስካለ ደጅ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

በእርዱ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ከድጃ በኮባ የተሸፈነ ሳህን ይዛ በደጄ አለፈች። ሳህኑ ላይ ቆጮና አይብ አለ፣ ጎመን አለ። ሥጋ የለበትም፤ ከድጃ ለክርስቲያን ቤት የምታመጣውን ታውቃለች።

«ወዴት ነሽ?» አልኳት።

«ለእትዬ አስካለ ነዋ። በዓላችሁ ነው፣ ባዶ እጄን መዋል ጨነቀኝ።»

«አንቺ ሴት አበድሽ እንዴ? ልጇ መጥቷል እኮ! መኪናዋን አላየሽም?»

«መጣ? ወላሂ?»

«መጥቷል እልሻለሁ! በመስቀል ቀን የጎረቤት ቆጮ ይዘሽ ስትገቢበት ምን ይላል? እናቴን ለማኝ አደረጓት አይልም? መልሽው፣ እባክሽ።»

ከድጃ ትንሽ ቆመች። ወደ አስካለ በር አየች። «አልሃምዱሊላህ» አለችና ዞራ ሄደች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ተራው ተመለሰ፣ የመጀመሪያዋ ባለተራ እኔ ነኝ። ሳህሌ ሳይሰናበተኝ ሄዷል ብዬ ኩርፊያዬን እንደያዝኩ ነው የገባሁት። በሩን በዱላዬ ገፋሁት። ቤቱ ተጠርጓል። ሁለት የክትፎ ጣባ ታጥቦ ተደፍቷል። ሁለት። እንግዳ ያለባት ቤት አስመስላዋለች፣ ድንገት አንዳችን አንገታችንን ብናስገባ ብላ ይሆናል። ምድጃው ውስጥ ያለው አመድ የከረመ ነው። እሷ ከመደቡ ወርዳ መሬት ላይ ናት፤ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ሸፍናለች። «አስካለ» አልኳት። ደግሜ «አስካለ» አልኳት። ከዚያ ጩኸቴን ሰው ሰማኝ።

ከጤና ጣቢያ የመጣችው ልጅ አየቻትና «ወድቀው ነው። ወዲያው አላረፉም፣ አንድ ሁለት ቀን ቆይተዋል። ሰው ቢደር…» ብላ አፏን ያዘች። ደግ ልጅ ናት። እኔ ግን የቀረውን ሰምቼዋለሁ። ቀን ስቆጥርበት ነው የከረምኩት። የወደቀችው ከእርዱ ቀን በፊት ይሁን በኋላ እንጃ፤ ከድጃ ያን ረፋድ ብትገባ ግን በሕይወት ታገኛት ነበር። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ ማንም እንዲነግረኝም አያስፈልግም።

ሳህሌ ለቀብሩ በአውቶብስ መጣ። ከስቷል፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። እግሬ ላይ ወደቀ። «እማማ ብርዛፍ፣ ነግሬያት ነበር እኮ! ሱቁ ከእጄ ወጣ፣ ዘንድሮ ባዶ እጄን በመስቀል እንዴት ብዬ እናቴ ደጅ እቆማለሁ አልኳት። እሷ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ምን አስጨነቀህ፣ እኔ ሰባት ቤት አለኝ፣ ብርዛፌ አለችልኝ፣ መስቀሉን ከእነሱ ጋር ነኝ› አለችኝ» አለኝ። ሰው አነሳው። ለልጇ እኛን አለችው፣ ለእኛ ልጇን አለችን። ማናችንንም ማሳፈር አልፈለገችም። እኛም እሷን ላለማሳፈር በሯን ሳንነካ ሰነበትን። እንዲህ ያለ ደግነት ምን ይባላል? አንቺ ተምረሻል፣ ስም ካለው ንገሪኝ።

እናልሽ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ሰው ሞልቷል። ጋሽ መኮንን መነጽሩን አድርጎ የተመዘገቡትን አነበበ፣ ዘንድሮ አራት ቤት ነው ምግብ የሚወሰድለት። «ተራውን እማማ ብርዛፍ ይያዙልን» አለ፣ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ያቺ የማዶዋ ደስታ ተነሳችና «የመስቀል ሳምንት ግን ተራው እንደ አምናው ይቁም። ለሁሉም ልጁ ይመጣለታል፣ እኛም እንግዳ አለብን» አለች። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፣ እውነት ነው ተባለ።

ዱላዬን ተደግፌ ተነሳሁ። «አይቆምም» አልኩ።

«እንዴት እማማ?» አለ ጋሽ መኮንን።

«ባለፈው ያስቆምኩት እኔ ነኝ። አስካለ ከልጇ ጋር ናት ብዬ ስድስታችሁን ቤት ለቤት ዞሬ አስቆምኳችሁ። ይሄን ታውቃላችሁ። የማታውቁት ሌላ ነው። በእርዱ ቀን ምግብ ይዛ የመጣች ሴት ነበረች፤ ሠላሳ እርምጃ ሲቀራት ከመንገድ መለስኳት። አስካለ ያኔ ቤት ውስጥ ወድቃ ይሆናል። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሳህሌ ሳይስመኝ ቀረ ብዬ አኩርፌ ነበር።» የከድጃን ስም አልጠራሁም።

ደስታ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። «መኪናዋ የእኛ ነበረች» አለች ቀስ ብላ፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል። ጋሽ መኮንን መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። «ይቀመጡ እማማ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። «ልጅ መጣ ከተባለ ባለተራዋ ገብታ ልጁን በዓይኗ ታየው፣ ስማው ትውጣ። ያፈረ ይፈር፣ የተቀየመ ይቀየም» አልኩ። እሺ ተባለ። «ተራውን ግን ሌላ ሰው ይያዘው፣ እኔ አልችልም» አልኩና ወደ በሩ አመራሁ። ተራውን ለማን እንደሰጡት አልሰማሁም፣ ወጥቻለሁ።

ዝናቡ ቢያቆምም ቅያሱ ገና ጭቃ ነው። ከኋላዬ ሰው ደረሰብኝ፣ ክንዴን ያዘኝ። ከድጃ ናት። አብረን ሄድን፤ ባጃጅ ሲመጣ ወደ አጥሩ ታስጠጋኛለች፣ ካለፈ በኋላ እንቀጥላለን። አስካለ ቤት ጋ ስንደርስ እግሬ ቆመ። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፣ ጤና አዳሙ ማንም ሳይቆርጠው ቁመቱ አጥሩን አልፏል።

«ከድጃ፣ ዓመት ሙሉ እንዴት ቻልሽው?» አልኳት። «አንድ ቀን እንኳ አንቺ ነሽ አላልሽኝም። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።»

ክንዴን አለቀቀችውም።

«እትዬ ብርዛፍ፣ ምን ብዬ ልስደብሽ?» አለችኝ። «ያን ቀን እኮ እየተደሰትኩ ነው የተመለስኩት። ቤት ገብቼ ልጆቼን ‹ኑ ብሉ፣ የእትዬ አስካለ ልጅ መጥቶላታል› አልኳቸው። ያንን ቆጮ እየሳቅን ነው የበላነው።»